ፀሐይ በማይጠፋበት ከተማ የቫይታሚን ዲ ማነስ

የአጎቴ የደም ምርመራ ውጤት በደረሰን ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ያተኮረው በአንድ ቁጥር ላይ ነበር፤ ቫይታሚን ዲ 11 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኝቷል። ከ20 በታች የሆነው እንደ እጥረት ስለሚቆጠር ደነገጥን። «ዕድሜ ልኬን ድሬዳዋ ኖሬ እንዴት ፀሐይ አነሰህ እባላለሁ?» አሉ አጎቴ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የዚህ ከተማ ሰው ፀሐይን ይሸሻታል እንጂ አይሞቃትም። ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጨረር በሚበረታበት እኩለ ቀን ዛፍ የበዛበት የከዚራ ሠፈር ሰው ከዛፎቹ ጥላ አይወጣም፣ ከምሳ በኋላም ብዙዎች ጫት ይዘው እስኪመሽ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ያንኑ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

የአጎቴ ጉዳይ ግን በዚህ አያበቃም፤ ለዓመታት ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ስላለባቸው ጉበታቸው ጠባሳ ይዟል። በቆዳ የተሠራውም ሆነ ከምግብ የተገኘው ቫይታሚን ዲ እንዳለ ሥራ ላይ አይውልም፤ መጀመሪያ ጉበት በደም ምርመራ ወደሚለካው ዓይነት ይለውጠዋል፣ ቀጥሎም ኩላሊት ሰውነት ወደሚጠቀምበት ያደርሰዋል። በደም ውስጥ ተሸክሞት የሚዞረውን ፕሮቲን የሚሠራውም ጉበት ነው። ቫይታሚኑ በስብ የሚሟሟ በመሆኑ አንጀት እንዲመጠው ሐሞት ያስፈልጋል፤ የሐሞት ፍሰት ሲስተጓጎል በአፍ ከተወሰደው ከፊሉ ሳይመጠጥ ይወጣል። ስለዚህ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ እጥረቱ በብዛት ይታያል፣ ሕመሙ ሲከፋም ቁጥሩ ይበልጥ የመውረድ አዝማሚያ አለው። ዝቅ ያለው ቁጥር የጉበቱን መድከም ሊያሳብቅ ይችላል ማለት ነው።

ዘመዶቻችን ግን ነገሩን ገልብጠው ተረዱት፤ አንዱ «ጉበቱን ይጠግንለታል» ብሎ ከፍተኛ መጠን ያለው እንክብል ገዝቶ መጣ። እጥረትን መሙላት ለአጥንት ይጠቅማል፣ የጉበት ሕመምተኛ አጥንትም በቀላሉ ስለሚሳሳ ሊናቅ አይገባም። ጉበትን ያድናል የሚለው ግን አልተረጋገጠም፤ ስብ በያዘ ጉበት ላይ የተደረጉት ሙከራዎች እንኳ ውጤታቸው እርስ በርሱ አይስማማም። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፤ ጥም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና የኩላሊት ጠጠር ሊያስከትል ይችላል። እስከ 70 ዓመት ላለ አዋቂ በቀን 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት የሚመከር ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4000 ማለፍ አይገባም።

ሐኪሙ መጠነኛ የቫይታሚን መጠን አዘዙላቸው፤ ረጅሙን ጊዜ የሰጡት ግን ለቫይረሱ መድኃኒት ያለማቋረጥ መወሰድና ለጫቱ ነበር። በሐረር ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። አጎቴ ከበርጫው ቀርተው ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ እጅና እግራቸውን ገልጠው ግቢ ውስጥ ጥቂት ይቀመጣሉ። ከሦስት ወር በኋላ ደማቸው ዳግም ይመረመራል፤ ወረቀቱ ሲመጣ እኔ አስቀድሜ የማየው የጉበቱን መስመር ነው።