ስለቴ ይህን መናገር ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት ያለበት ሰው ዣንጥላ ያስገባል፣ ሻማ ያስገባል፣ የቻለ መጋረጃ ያሰፋል። የእኔ ስለት ወሬ ነው። «እግሬን ካተረፍሽልኝ፣ የሆነውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ» ብዬ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። ሳልቀንስ ስላልኩ መርፌውንም ጥቁሩን ደምም እጽፋለሁ። ደም መስማት የማይወድ ካለ ከወዲሁ ይለፈው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የተሳፈርኩበትን ባጃጅ አይሱዙ መትቶ ገለበጠው። እግሬ ከስር ገብቶ አስፋልት ለአስፋልት ተጎተተ። ስለ አደጋው ከዚህ በላይ ማውራት አልፈልግም። ሾፌሩን ይቅር ብያለሁ።

አጥንቴ አልተሰበረም። ችግሩ ቆዳዬ ነበር። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቆዳውም ሥጋውም ተገፎ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። እኔ ደግሞ ቀላል መስሎኝ «ከጭኔ ቆዳ ልጣችሁ ለምን አትለጥፉበትም?» አልኩ። ሰርጀኑ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የሚለጠፍ ስስ ቆዳ የራሱ ደም የለውም፤ የሚመገበው ከተለጠፈበት ቦታ ነው። የራሱ ሽፋን የተነሳበት አጥንት ደግሞ የሚመግበው ነገር የለውም። ስለዚህ ደሙን ይዞ የሚመጣ ቆዳ ያስፈልጋል። ሐኪሞቹ ፍላፕ ይሉታል። ከባቴ ላይ ቆዳና ስብ ተቆርጦ ይነሳል፣ ታችኛው ጫፉ ግን ከእግሬ ሳይለይ ወደ ቁስሉ ይዞራል። ደም የሚደርሰው ከቁርጭምጭሚት በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ በሚወጡ ቀጫጭን የደም ስሮች ነው። ባቴ ላይ ቆዳው የተነሳበት ቦታ ደግሞ በጭኔ ቆዳ ይሸፈናል።

በኋላ ሳነብ፣ መንገዱን ፈረንሳዊው ሐኪም አለን ማስከሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፈው ያወጡት መሆኑን አወቅኩ። የደም ስር በማይክሮስኮፕ እያዩ መስፋት ስለማይጠይቅ እንደኛ ባለ አገር ብዙ ይሠራበታል። እግዚአብሔር ለሰው የሰጠውን እውቀት ሳስብ ይገርመኛል።

ኦፕራሲዮኑ በዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። ሰርጀኑ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ብዪ አለኝ። ቁስል የሚገጥመው ፕሮቲን ሲያገኝ ነው። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። በጾም እንቁላል! ነፍስ አባቴ በስልክ ነገሩን ጨረሱት። «ልጄ፣ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይበላል። ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እናቴ ራሷ ሽሮዋን እየበላች እንቁላሉን በየጠዋቱ ትልጥልኝ ነበር።

ጸበሉም እንደዚሁ። አክስቴ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በቢጫ ጄሪካን ሞልታ፣ ከተማውን አቋርጣ መጣች። ቁስሉ ላይ ላፍስስ አለች። ሲስተር አይሆንም አለቻት፤ አዲስ የተሰፋ ቆዳ ረጥቦ ኢንፌክሽን ከገባበት አለቀ። አክስቴ ተቆጣች። እንደገና ነፍስ አባቴ ጋ ተደወለ። «ትጠጣው፣ ፊቷን ትታጠበው፤ ቁስሉን ለሐኪም ተዉት» አሉ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ይወሰዳል ብለው አስተምረው የለ? ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዝም አለች። አልተስማማችም፣ ግን ዝም አለች።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነው። ፍላፕ የሚበላሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ውስጥ ነው። ሲስተር በየሰዓቱ መጥታ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ታያለች፣ በጣቷ ጫን አድርጋ ትለቃለች። ነጣ ብሎ በ2 ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ከተመለሰ ደህና ነው። ከገረጣ፣ ከቀዘቀዘና ለመመለስ ከዘገየ ደም እየገባ አይደለም ማለት ነው። ወይን ጠጅ መስሎ ካበጠና ቀለሙ ቶሎ ከተመለሰ ደግሞ ደሙ ገብቶ መውጫ አጥቷል። ለእናቴም አስተማረቻት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያንን ግን ከእኔ በላይ አወቀችው።

ክልከላው ብዙ ነው። በዞረው ቆዳ ላይ መተኛት የለም፣ እግር ማንጠልጠል የለም። ቡናም ለጊዜው ቀረ፤ እሱ ከሁሉ ከበደኝ። ጎረቤቴ ብርድ እንዳይመታኝ ብላ የፈላ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ሲስተር ሮጣ ተቀበለቻት፤ የዞረው ቆዳ ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል እንኳ አላውቅም። ወንድሜ ያጨሳል። የሲጋራ ጭስ የደም ስር ያጠብባል ተብሎ አጠገቤ እንዳይደርስ ተነገረው። እስከ ዛሬ አላቆመም፤ እኔ ጋ ሲመጣ ግን አያጨስም።

በሁለተኛው ሌሊት እናቴ በስልኳ መብራት ስታየው ጫፉ ጠቁሯል። ወይን ጠጅ ሆኖ አብጧል። የሰርግ ድንኳን መግቢያው ተከፍቶ መውጫው ሲዘጋ እንደሚሆነው፣ ደሙ ውስጥ ታጭቋል። የዚህ ዓይነቱ ፍላፕ ድክመት ይህ መሆኑን ቀድሞ ነግረውኝ ነበር። ደም የሚመልሱት ስሮች ካልሠሩ ቆዳው በራሱ ደም ታፍኖ ይሞታል። በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰለት የሞተ ቆዳ አይመለስም።

ሲስተር በሌላ ክፍል ሰው ይዛለች። እናቴ ልትጠራት ሮጠች። እኔ መነሳት አልችልም። ያኔ ነው የተሳልኩት። ከስለቱ ሌላ ረጅም ጸሎት አልመጣልኝም። «እመቤቴ፣ ሰው ላኪልኝ» ብቻ ነበር ያልኩት።

በሩን ከፍቶ የገባው ኦፕራሲዮን ሲደረግልኝ የነበረው ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም ነው። ተረኛ አልነበረም። ሌላ በሽተኛ አስመሽቶት፣ ቦርሳውን በትከሻው ይዞ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። «ልይሽና ልሂድ ብዬ ነው» አለኝ። አጋጣሚ ነው የሚለኝ አለ። ይበለኝ። እኔ ሰው ላኪልኝ አልኩ፣ ሰው መጣ።

ቦርሳውን መሬት ጣለ። ፋሻውን በመቀስ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ደም ደርቆበት ጠንክሮ ነበርና እሱም ይጫን ነበር። ከዚያ የወጠሩትን ስፌቶች አንድ በአንድ ቆረጠ። እግሬን በትራስ ከፍ አደረገ። ጫፉን በመርፌ ወጋ ወጋ ሲያደርገው ጥቁር ደም ወጣ። ምንም አላመመኝም፤ የሚያይ ዓይን ግን ያማል። እናቴ ጥግ ቆማ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። እሱ ይወጋል፣ ይጠርጋል፣ ጫን አድርጎ ያያል፤ ደግሞ ይወጋል። ሲስተርም መጥታ ተቀላቀለችው። ሌሊቱን በየተራ ሲያደርጉት አደሩ። ሊነጋጋ ሲል የሚወጣው ደም ቀላ። ሬዚደንቱ «ይሄን ነው የምፈልገው» አለ። ቀን ላይ እብጠቱ ጎደለ፣ ቀለሙ ሰው ቆዳ መሰለ።

ሁሉም አልተረፈም። ጫፉ ላይ ትንሽ ቦታ ጠቁሮ ደረቀ፤ በኋላ ተቆርጦ ወጣና በድሬሲንግ ቀስ ብሎ ሞላ። ሌላው ያዘ። እግሬን ማንጠልጠል የጀመርኩት ለ5 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እየጨመሩልኝ ሄዱ። ቤቴ ስመለስ ሊፍት የለም፤ የኮንዶሚኒየሙ ወጣቶች በወንበር ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አወጡኝ። ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ። ቦታው ወፍራም ስለሆነ ጠባብ ጫማ አይገባኝም። የእግሬ ውጪኛው ጎን ደንዝዟል፤ ነርቩ አብሮ ስለሄደ እንደዚያ ይሆናል ብለውኛል።

ምስክርነቱን በሰፈራችን ማኅበር ቤት ተናግሬዋለሁ። አክስቴ ከጎኔ ተቀምጣ «መርፌውን እንኳ ብትተዪው» ብላ ጎሸመችኝ። አልተውኩትም። ሬዚደንቱን ከታሪኩ አውጥቼ እመቤቴን ብቻ ላወድስ ብል እሷን የማከብር አይመስለኝም። እሱን ብቻ አመስግኜ እሷን ዝም ብላት ደግሞ ስለቴን በላሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። ፊት ለፊቴ የተኛችው የዱከም ልጅ እንደኔው ፍላፕ ተሠርቶላት ነበር። ከእኔ የበለጠ ትጸልያለች፤ ሌሊት ስነቃ ሁሌ ተቀምጣ አገኛታለሁ። እሷንም በየሰዓቱ ያዩአት ነበር። የእሷ ግን አልያዘም። ጠቁሮ ተነሳ። ለምን የእኔ ተሰምቶ የእሷ ዘገየ? ነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። «አላውቅም ልጄ» አሉኝ። ይህን በማለታቸው ወደድኳቸው። አሁን ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን ወረፋ ይዛለች። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። በጸሎት አስቧት።