የቮልሴን በሮች እኔው ራሴ ሌዘር አለበስኳቸው

የጅማ ዝናብ ሐምሌን አይጠብቅም። በመጋቢት ይጀምራል፣ ጥቅምት ሲገባም ገና አልወጣለትም። በ1972 ሞዴሏ ቮልሴ ላይ ደግሞ ያላደረሰው ነገር የለም። የበሮቿ የውስጥ ችፑድ ከታች አብጦ፣ ሌዘሩ ተልጦ፣ ክሊፖቹ ከቀዳዳቸው ወልቀው ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ይንኳኳ ነበር። አንድ ታፒሰሪ (የመኪና ውስጥ የሚያለብስ ባለሙያ) ጋ ጎራ ብዬ ስጠይቅ ከዋጋው ይልቅ ያልተዋጠልኝ «ሌዘሩን ብቻ እንቀይርልሃለን» መባሌ ነው። ችፑዱ የበሰበሰው ከኋላ በኩል ነው። ፊቱ ላይ አዲስ ሌዘር ቢለጠፍ አንድ ክረምት አይሻገርም።

የመኪና በር ሆዱ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። መስታወቱ ወደ ታች በሚወርድበት ክፍተት ዝናቡ ይገባል፤ ፋብሪካውም ይህን አውቆ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ትቷል፣ በላሜራውና በችፑዱ መሃልም ላስቲክ አድርጓል። የኔዋ ላስቲክ መቼ እንደተቀደደ እንጃ፣ ብቻ የለም። ቀዳዳዎቹም በጭቃ ተደፍነዋል። ስለዚህ ሥራዬ የተጀመረው ከሽቦ ነው። ቀዳዳዎቹን ስጎረጉራቸው እንደ ጠላ አተላ የጠቆረ ጭቃ ተዘረገፈ። ውስጡን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አንቲረስት ቀባሁት።

መፍታቱ አያስቸግርም። የመስታወት ማንሻው ላይ ያለችውን ፕላስቲክ በቀጭን ካቻቢቴ ብድግ ሲያደርጓት ብሎኑ ከሥሯ ይገኛል። ክሊፖቹን ግን ካቻቢቴውን ልክ ከአጠገባቸው አስገብቶ አንድ በአንድ መንቀል ነው እንጂ ችፑዱን መሃሉ ላይ ይዞ መሳብ አያዋጣም፣ ይሰበራል። አሮጌው የቱንም ያህል ቢበሰብስ አትጣሉት፤ ለአዲሱ ናሙና የሚሆነው እሱ ነው። ባለ 3 ሚሊ ችፑድ ላይ አስምሬ፣ ቆረጣውን በርጩማ ለሚሠራ አናጺ ሰጠሁት። የግራው ከተሰመረ በኋላ ናሙናውን ገልብጦ የቀኙን ማስመር ነው። ከዚያ ቨርኒሽ፤ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠርዙንና የክሊፕ ቀዳዳዎቹን። ችፑድ ይበልጥ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።

ሌዘሩን ከመርካቶ በሜትር ገዛሁ። ወርዱ 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ስለሆነ ለሁለቱ በሮች ብዙ አያስፈልግም። ጀርባው ጨርቅ ያለውን መምረጥ ነው፤ ጨርቅ የሌለው ሲወጠር ይለጠጥና ይቀራል። መሃሉ ላይ የፈለግኩትን አግድም መስመር የሰፉልኝ የባጃጅ ሸራ የሚሰፉ አንድ አባት ናቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ስፌቱን አታጥብቀው፤ መርፌው ከተጠጋጋ ሌዘሩ እንደ ቴምብር ነው የሚቀደደው» ብለው የሲንጀራቸውን ስፌት አራርቀው፣ ከማሽኑ እግር ሥር ወረቀት አድርገው ሰፉልኝ፤ አለበለዚያ እግሩ ሌዘሩ ላይ ይጣበቃል። በችፑዱና በሌዘሩ መሃል የሚገባው ስፖንጅ 5 ሚሊ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ወፍራም ይወዳል፣ ነገር ግን ሲወፍር የመስታወት ማንሻው ከበሩ ብቅ ያለው ጥርስ ላይ አይደርስም።

ፈተናው ማስቲሹ ነው። የሚጣበቁት ሁለቱም ነገሮች ይቀባሉ፤ ከዚያ ጣት ሲነካው እስከማይዝ ድረስ ይጠበቃል። የጅማ ጠዋት የሚያጣላው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ሲተን የተቀባውን ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዘውና ነጣ ይላል። እንዲህ የነጣ ማስቲሽ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። እኔ ፀሐይ ጠንከር እስክትል ጠብቄ፣ ሌዘሩንም እዚያው ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ሲለሰልስልኝ ነው የጀመርኩት። ሽታው ራስ ስለሚያዞር ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ እሳትም አጠገቡ አይደርስም። ጎረቤቴ እትዬ ግን ምድጃቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ብቅ አሉ።

«እትዬ፣ በእናትዎ ከሰሉን ያርቁልኝ! ይሄ ነገር ይቀጣጠላል።»

«ያለ ከሰል ቡና ልታጠጣኝ ነው? ጅማ መሆንህን ረሳኸው እንዴ!»

ረከቦቱ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ። ጀበናው እስኪፈላ ማስቲሹም ደረሰ።

ስፖንጁን ችፑዱ ላይ በስሱ ማጣበቅ ይበቃል። ሌዘሩ ፊቱ ላይ አይጣበቅም፤ ተወጥሮ ወደ ጀርባ 3 ወይም 4 ሳንቲም ታጥፎ በማስቲሽ ነው የሚያዘው። አወጣጠሩ መጀመሪያ የላይኛው ጠርዝ መሃል፣ ቀጥሎ የታችኛው መሃል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ፣ ማዕዘኖቹ መጨረሻ። ክቡ ማዕዘን ላይ እጥፉን በመቀስ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ማድረግ ነው፤ መቀሱ ግን ጠርዙ ጋ ሳይደርስ መቆም አለበት። የማንሻውን ቀዳዳ የምበሳው ሁሉም ከተወጠረ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተበሳ ቀዳዳ ሲወጠር ቦታውን ይለቃል።

ከመግጠሜ በፊት አዲስ ላስቲክ በላሜራው ላይ ለጠፍኩ። የታችኛው ጫፉ በላሜራው ክፍተት ወደ በሩ ሆድ መግባት አለበት፤ ያኔ ላስቲኩ ላይ የሚወርደው ውሃ ወደ መውጫ ቀዳዳዎቹ ይሄዳል። ጫፉ ወደ ውጭ ከተንጠለጠለ ውሃው በቀጥታ ችፑዱ ላይ ነው የሚያርፈው። ታፒሰሪው ያላነሳልኝ ይሄ ነበር፤ ከሥራው ሁሉ ርካሹም ይኸው ነው፣ ላስቲኩ ከሱቅ የተገዛ ተራ የፕላስቲክ ሽፋን ነው።

አሮጌ ክሊፖቼን አልመለስኳቸውም፣ ዝገዋል። ሌዘሩ ሲቆሽሽ በሳሙና ውሃ አብሰዋለሁ፤ ቤንዚን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። የኋላ ሁለቱ ጎኖች ይቀሩኛል፤ እነሱ ማንሻም እጀታም ስለሌላቸው መቀስና ማስቲሽ ብቻ ነው የሚፈልጉት።