ውሃ የማይጠጣው የድሬ አፈር

ድሬዳዋ የወረድኩት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው፣ ግንቦት ላይ። ከለቡ በባቡር ሄድኩ። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አዋሽን ካለፍን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስነቃ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ነበር። ያናደደኝ ከወረድኩ በኋላ ያለው ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ስለሚል የግድ ባጃጅ ትይዛለህ። ልጁ 500 ብር አለኝ፣ ተከራክሬ 350 ከፈልኩ። ሆቴል ስደርስ እሱም ብዙ ነው አሉኝ።

ያረፍኩት ከዚራ ነው። ጎዳናው በዛፍ ጥላ የተሸፈነ፣ ቀጥ ያለ፣ ለዓይን የሚያሳርፍ ሰፈር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ በእግር የሚያስኬድ ጥላ ብዙ አላውቅም። ሌሊቱ ግን ከበደኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደና ቬንትሌተሩ ቆመ። እኔ ግንቦትም ቢሆን ያለ ብርድ ልብስ የማልተኛ ሰው ነኝ፣ እዚያ አንሶላውንም ጥዬ እስኪነጋ ተገላበጥኩ።

ጠዋት ሻይ የምታፈላዋ ልጅ ማንቆርቆሪያውን ከፍታ አሳየችኝ። ውስጡ ኖራ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይዟል። «አቦ፣ የድሬ ውሃ እንዲህ ነው፣ ከመሬት ስር ስለሚወጣ» አለችኝ። ያ ቅርፊት ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው፤ ከተማዋ የምትጠጣው ከእግሯ ስር ቀድታ ከሆነ፣ መሬቱ ላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ያሳስበኛል።

ሰርጉ ቅዳሜ ነበር፣ ደምቆ አለፈ። እሁድ የድሮውን ባቡር ጣቢያ፣ ለገሃርን፣ ሄጄ አየሁ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ከታች ቀረ፣ ድሬም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች። ስለዚህ ይቺ ከተማ ከመጀመሪያው የጋራዥ፣ የመጋዘንና የፋብሪካ ከተማ ናት። ድሮ ዳር የነበረው የሥራ ግቢ ዛሬ መሃል ከተማ ሆኗል፣ ዋጋውም ወደ ላይ ወጥቷል።

ዘመዶቼ ከአንድ አዛውንት ጋር አገናኙኝ። ከተዘጋ ቆይቷል ባሉት አንድ ግቢ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ሆነው ሠርተዋል። የግቢውን ስም አልጠራም። መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ነው ይባላል። እሳቸው ሽርጣቸውን አስተካክለው፣ ዘበኛውን በስሙ ጠርተው አስገቡኝ።

«እዚህ ጋ የተቃጠለ ዘይት እንደፋ ነበር» አሉ። «አጠራቅሙት ያለን ሰው የለም፣ እኛም አናውቅም።» በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ላዩ እንደማንኛውም አፈር አቧራማ ነው፣ አንድ ጣት ያህል ወረድ ሲሉ ጠቆረ። ከያዝኩት ሃይላንድ ትንሽ ውሃ አፈሰስኩበት። አልሰረገም። ክብ ክብ ሠርቶ አፈሩ ላይ ተንከባለለ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ሳፈስ ወዲያው ጠጣው። ጎንበስ ብዬ ሳሸት የአሮጌ ጋራዥ ሽታ አለው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ።

«ጋሼ፣ ባትሪስ?» አልኳቸው። ዝም አሉና ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። አሲዱን እዚያ እያፈሰሱ፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ፣ ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት፣ ለመሸጥ ባትሪውን ይሰብሩ ነበር። እዚያው ጥግ ላይ ዘበኛው ቲማቲም ተክሏል፣ ቀይ ቀይ ፍሬ ይዞ። እንዳይበሉት ለመንኩት። ልጆች አሉት፣ ደንግጦ አየኝ።

ይህን ለአዛውንቱም ለዘበኛውም በደንብ አስረዳኋቸው፣ እዚህም ልጽፈው እፈልጋለሁ። ናፍጣና ዘይት ያለበት አፈር ይድናል፤ ቆፍረህ ትከምረዋለህ፣ ፍግ ትቀላቅልበታለህ፣ እያገላበጥክ እርጥብ ታደርገዋለህ፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ዘይቱን ይበሉታል። ሙቀት ሥራቸውን ያፋጥናል፣ ሙቀት ደግሞ ድሬ ሞልቷል። እርሳስ ግን አይበሰብስም። ወይ ታነሳዋለህ፣ ወይ ነፋስ እንዳያነሳው፣ ጎርፍ እንዳይወስደው አድርገህ ትሸፍነዋለህ። በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰባት ከተማ ናት፤ እዚህ «እዚያው ይቅር» ማለት አይበቃም።

ፕላኑም ከዚህ መነሳት አለበት። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ይጠየቃል፣ ከዚያ ናሙና ይወሰዳል፣ ከላይም ከጥልቀትም፣ ከብዙ ቦታ። የሚሠራው ነገር የሚወሰነው ከውጤቱ በኋላ ነው። ልጅ አፈር የሚጫወትበት ግቢና ሲሚንቶ የተለሰነ መጋዘን አንድ ዓይነት ጽዳት አይፈልጉም። ጀርመን ዱይስቡርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 የተዘጋ የብረት ማቅለጫ ነበር። አላፈረሱትም፣ በ1994 የሕዝብ ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፣ ዛሬ ግድግዳው ላይ ሰው ተራራ መውጣት ይለማመዳል። መርዙ የበዛበትን አፈር እዚያው የፋብሪካው የድሮ ማከማቻ ጓዳዎች ውስጥ አሽገው ነው ቀሪውን ለሰው የከፈቱት። እኛም ብክለትን የሚቆጣጠር አዋጅ አለን፣ ቁጥር 300/1995፤ የበከለ ያጽዳ ወይም ወጪውን ይክፈል ይላል። ባለቤቱ የተለወጠበት ግቢ ላይ ግን ማን ይጠየቃል? ይህ ጥያቄ ካርታው ከመሰጠቱ በፊት መመለስ አለበት፣ ሰው ቤት ገዝቶ ከገባ በኋላ ማን ይሰማል?

አዛውንቱ ማስታወሻ ደብተሬን ተቀብለው ግቢውን ሣሉልኝ። ዘይት የሚደፋበት፣ ባትሪ የሚሰበርበት፣ ከመሬት በታች የተቀበረው የናፍጣ ታንከር። የትኛውም ቢሮ ፋይል ውስጥ ይህ ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ሻይ ልጋብዝ ስል እምቢ ብለው እሳቸው ከፈሉ፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭም ጨመሩልኝ።

በነጋታው ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ የሆቴሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በእግራቸው ነው የመጡት፣ ላብ አጥምቋቸዋል። «ልጄ፣ ሌሊት ትዝ አለኝ» አሉ። «አንድ ጉድጓድ ረስቻለሁ፤ ደብተሩን አምጣው።»