ቱላምቤን፦ የሰመጠችውን ሊበርቲ ጠልቄ ያየሁበት መንገድ

የሰመጠ መርከብ ለማየት ብዙውን ጊዜ በጀልባ ራቅ ብሎ መሄድ ግድ ነው። ባሊ ደሴት ላይ ያለችው ቱላምቤን ግን ትለያለች። ከዳርቻው ተነስታችሁ ጥቂት ብትዋኙ ሊበርቲ ጋ ትደርሳላችሁ። 125 ሜትር ገደማ የምትረዝም የጭነት መርከብ ናት፤ በጎኗ ተጋድማለች። ላይኛው ክፍሏ ከውሃው ገጽ በታች 5 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ታችኛው ወደ 30 ሜትር ይወርዳል። የመረጥኳትም ለዚሁ ነው። እኔ ደጋ ያደግኩ፣ ዋና ራሱ ዱባይ ከመጣሁ በኋላ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ለእናቴ ስነግራት፣ "አንተ ልጅ፣ ሰው ከሚሰምጥ መርከብ ነፍሱን ይዞ ይወጣል እንጂ ከፍሎ ይገባል?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ታሪኳን ቀድሜ ማንበቤ በጣም ጠቅሞኛል፤ አለዚያ የማየው ዝገት ብቻ ይሆን ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሊበርቲ በ1918 አሜሪካ ውስጥ ተሠራች። በጥር 1942 የአሜሪካ ጦርን ጭነት ይዛ ከአውስትራሊያ ወደ ፊሊፒንስ ስትጓዝ፣ ሎምቦክ ደሴት አጠገብ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታት። አንድ የአሜሪካና አንድ የሆላንድ የጦር መርከብ ሰሜን ባሊ ወዳለው ወደብ ወደ ሲንጋራጃ ሊጎትቷት ሞከሩ። ውሃው እየበዛባት ሲመጣ ጭነቷ እንኳ ይትረፍ ብለው ቱላምቤን ዳርቻ ላይ አስጠጓት። እዚያው ከ20 ዓመት በላይ ተገትራ ቆየች። በ1963 ከበላይዋ ያለው አጉንግ ተራራ ፈነዳ። ከሺህ ሰው በላይ ያለቀበት ፍንዳታ ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ መርከቧ ተንሸራታ ባህር ገባች። ቶርፔዶ ያላሰመጣትን እሳተ ገሞራ አሰመጣት ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገፍ ከተሠሩት "ሊበርቲ መርከቦች" አንዷ የምትመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለችም። እነዚያ መሠራት ሲጀምሩ እሷ ከ20 ዓመት በላይ አገልግላ ነበር።

ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። ዱባይ ላይ ኦፕን ዋተር የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ ወሰድኩ። እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል። ጀርባ ላይ የሚታዘለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ብዙዎቻችን እንደምናስበው ንጹህ ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ነው። የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ አለመያዝ ነው። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ውሃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ የሳባችሁትን አየር ይዛችሁ ብትወጡ ሳንባ ውስጥ እየተነፋ ይሄዳል፤ ሳንባ ደግሞ ልክ አለው። ጆሮን ደግሞ ሲወርዱ ግፊቱ ይጫነዋል፤ ሕመም እስኪሰማ ሳይጠብቁ አፍንጫን ቆንጥጦ ቀስ እያሉ ማስተንፈስ ነው።

ለሰመጠ መርከብ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ በውሃ መሃል ሳይወጡና ሳይወርዱ መቆም ነው። ከጉዞው በፊት ለዚህ ብቻ ተጨማሪ የገንዳ ሰዓት ከፈልኩ። ጓደኞቼ ገንዘብ አባከንክ ብለው ስቀውብኛል። ነገሩ እጅና እግር ማወናጨፍ አይፈልግም፤ በትንፋሽ ነው። በደንብ ስትስቡ ቀስ ብላችሁ ከፍ ትላላችሁ፤ ስታስወጡ ትወርዳላችሁ። የመርከብ ብረት የዛገና ስለታም ነው፤ ኮራል (ድንጋይ መሳይ የባህር እንስሳ) ለብሷል። እግሩን የሚያወራጭ ሰው ኮራሉን ይሰብራል፣ አሸዋውን ያነሳል፣ ከኋላው ያለውም ምንም አያይም።

የገባነው ገና ጠዋት፣ ከደቡብ ባሊ የቀን ጎብኚ የሚያመጡት መኪኖች ሳይደርሱ ነው። ዳርቻው አሸዋ አይደለም፤ ክብ ክብ ጥቁር ድንጋይ ነው። ማዕበሉ ሲመለስ ድንጋዩ ከእግር ስር ይከዳል። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ የግድ ነው፤ የእግር መቅዘፊያውን የምታጠልቁት ውሃው ውስጥ ገብታችሁ ነው። የመንደሩ ሴቶች ያን ከባድ ሲሊንደር በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ በነጠላ ጫማ ድንጋዩን ረግጠው ያልፋሉ። እኔ ማስክ ብቻ ይዤ እየተንገዳገድኩ እከተላቸዋለሁ። ጉርሻ መስጠት አትርሱ።

ጥቁሩን ቁልቁለት ይዘን ወረድን። አስጎብኚዬ የዚያው መንደር ሰው ነበር፤ ሲዋኝ የሚቸኩልበት ነገር ያለ አይመስልም። መጀመሪያ ጥላ ታየኝ፤ ከዚያ የመርከቧ ጎን እንደ ግድግዳ ፊቴ ቆመ። ግንባራቸው ያበጠ፣ ሕፃን ልጅ የሚያካክሉ አረንጓዴ ዓሣዎች በመንጋ ተሰልፈው መጡ። ሌሊቱን መርከቧ ውስጥ ተጠልለው የሚያድሩ ናቸው። ኮራሉን በጥርሳቸው ሲገምጡት ቆረጭ ቆረጭ የሚለው ድምፅ በደንብ ይሰማል። ሁሉም ነገር ሰማያዊና ግራጫ ነበር፤ ውሃ ቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ቀለም ነውና። አስጎብኚው ባትሪውን አንዱ ብረት ላይ ሲያበራ ግን ግራጫ የመሰለኝ ስፖንጅ የሚባል የባህር እንስሳ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። መብራቱን ሲያነሳ ተመልሶ ግራጫ።

ውስጧ እንግባ ወይ ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። ከመውረዳችን በፊት የተስማማንበት ነገር ነበር፦ መውጫውን እዚህ ሆኜ ካየሁት እሺ፣ ካላየሁት አይሆንም። ከላይ ብረት ካለ ቀጥ ብሎ መውጣት የለም፤ ለዚያ የሚሆን ስልጠናም ራሱን የቻለ ነው። ስለዚህ ብርሃን ወለል ብሎ በሚታይበት ሰፊ ክፍተት ብቻ አለፍን። ምንም አልቀረብኝም።

እንዲያውም ከሁሉ የወደድኩት ላይኛውን ክፍል ነው። 20 ሜትር ላይ አየር የሚያልቀው ውሃው ገጽ ላይ ከሚያልቀው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ነው። መጀመሪያ ጥልቁን ጎን አይተን፣ የቀረውን አየር ወደ 5 ሜትር እየወጣን ጨረስነው። ፀሐይ እዚያ ትደርሳለች፤ ቀለሙም ዓሣውም የሚበዛው እዚያ ነው። ከመውጣት በፊት 5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ የሚደረገው ቆይታ ሌላ ቦታ ላይ ገመድ ይዞ ሰዓት መቁጠር ነው። እዚህ ሳይታወቀኝ አለፈ። ጥልቀት የሚፎካከሩ ሰዎች ሲገጥሙኝ አሁን ሊበርቲን ነው የምነግራቸው።

አንድ ነገር ለእኛ ሰው በተለይ ልንገር። ጠልቆ በወጣ ሰው ደም ውስጥ ናይትሮጅን ይቆያል፤ የአየር ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው አውሮፕላን መሳፈር የለበትም። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊወርድ ይችላል። ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጅቡቲ ጠልቃችሁ በዚያው ቀን በመኪና ወደ ደጋ ብትወጡም ያው ነው፤ ከአውሮፕላኑ የሚለየው ትኬት አለመቁረጣችሁ ብቻ ነው። ባሊም ላይ ኪንታማኒን አቋርጦ ወደ ደቡብ የሚወስድ የተራራ መንገድ አለ። ሾፌሩን በባህሩ ዳር እንሂድ በሉት። እኔ በረራዬን አንድ ቀን ገፋ አድርጌ፣ በዚያ ቀን የባህር ጨው የሚያመርቱበት አሜድ ሄድኩ። ቅርብ ነው፤ ግሪል የተደረገ ዓሣቸውም ግሩም ነው።