የወደቀ ቀንድ ፍለጋ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ ዋልን። ፎር ዊል መኪናው ጭቃና ድንጋዩን እየረገጠ ሽቅብ አወጣን። መንገዱ ሲያልቅ በእግር ቀጠልን።

የምንፈልገው አጋዘን (በእንግሊዝኛ deer የሚባለው) የጣለውን ቀንድ ነው። ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ እንደገና ያበቅላል። እንደ በሬ ቀንድ አይደለም፤ ድፍን አጥንት ነው። የበረዶው ወራት ሲጋመስ የወንድነት ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ቀንዱም ከሥሩ ላልቶ ይወድቃል። በጥቂት ወራት ያንን የሚያህል አጥንት መልሶ ማብቀሉ ሁሌም ይገርመኛል!

ፀሐይ የሚያገኘውን ተዳፋት ነው ያሰስነው። በረዶው ቀድሞ የሚቀልጠው እዚያ ስለሆነ እንስሶቹም ለግጦሽ ይሰበሰባሉ። አጥር የሚዘሉበትም ቦታ ጥሩ ነው፤ ሲያርፉ የላላው ቀንድ ይወድቃል።

ከሰዓት በኋላ ቁጥቋጦ ሥር አንድ አገኘን። ቡናማ ነው፣ ጫፎቹ ነጣ ብለዋል፣ ሥሩ ሲዳሰስ ይሻክራል። አንዱ ጫፍ ላይ ትንንሽ የጥርስ ምልክቶች አሉ። አይጦች ለካልሲየሙ ሲሉ ይግጡታል። ጥንዱን ፈለግን ፈለግን፣ አጣነው።

አንድ ነገር ግን ልበል። እባካችሁ በረዶው ሳይለቅ እንስሶቹን አታስደንግጡ። ያኔ ከስተዋል፣ አቅማቸውም ተሟጧል። ቀንድ እንዲጥሉ ብሎ ማባረር ግፍ ነው። አንዳንድ ቦታ እስከ ፀደይ ድረስ መልቀም በሕግ የሚከለከለውም ለዚህ ነው። መኪናም ከተፈቀደው መንገድ አይውጣ፤ እርጥብ መሬት ላይ የጎማ ቦይ ቶሎ አይጠፋም።

በሚቀጥለው ከሸንተረሩ ማዶ ያለውን ሸለቆ እናያለን። ጥንዱ እዚያ ይኖር ይሆናል።