በሱሉልታ ብርድ የእባብ ቤት ማሞቅ፦ የአራት ወር ልምዴ

ትናንት ማታ መብራት 4 ሰዓት ላይ ጠፋና ንጋት 11 ሰዓት ላይ መጣ። እንደመጣ ተነስቼ የእባቧን ቤት ቴርሞሜትር ሳየው በሞቃቱ በኩል 27 ዲግሪ ይላል። ሳሎኑ 12 ዲግሪ ነበር። ይህችን ቁጥር ለማየት አራት ወር ለፍቻለሁ፤ ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

እባቧ ቦል ፓይተን ናት። አብሮኝ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ጠቅልሎ ሲሄድ ከነወረቀቷ ተረከብኳት። ሰው እጅ ላይ የተፈለፈለች፣ መርዝ የሌላት፣ ርዝመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ነው። ዘሯ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሞቃት አገር ነው። ስትደነግጥ ጭንቅላቷን መሀል ከትታ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። በደንብ ከተያዘች 20፣ 30 ዓመት ትኖራለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 አሜሪካ ሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ውስጥ ዕድሜዋ ከ60 በላይ ነው የተባለች አንዲት ቦል ፓይተን እንቁላል ጥላለች። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለጥቂት ወር የሚሆን ቤት መሥራት አሳፈረኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እባክችሁ ማንም ከዱር እባብ ይዞ ቤቱ እንዳያስገባ። ለእንስሳውም ለሰውም አደጋ ነው፣ ያለፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝም በሕግ ያስጠይቃል። ቦል ፓይተን ራሷ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ያለች ስለሆነች ወረቀት የሌላትን ማንም በርካሽ ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉ።

የመጀመሪያው ቤቷ አብሯት የመጣው የዓሣ መስታወት ነበር፣ ላዩ ወንፊት ሽቦ። ለእኛ ደጋ አይሆንም። መስታወት ቅዝቃዜውን ያስገባል፣ በወንፊቱ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፤ 100 ዋት አምፖል ቀንና ሌሊት እያበራሁ ሌሊቱን 22 ዲግሪ ላይ ያድር ነበር። ሰዎች መስታወት የሚወዱት ከውጭ ስለሚያምር ይመስለኛል። እኔ ግን ከእንጨት ሌላ አልመክርም። ሰፈራችን ያለ አናጢ በ15 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 60 ሴንቲ የሆነ ሣጥን ሠራልኝ፤ ከፊት ብቻ ተንሸራታች መስታወት አለው። ውስጡን በውሃ የሚበጠበጥ ቫርኒሽ ቀብቼ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ክፍት ተውኩት።

ቁልፉን በተመለከተ ባለቤቴ የማትደራደርበት ነገር ነበር፣ ልክ ነበረች። እባብ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ያልፋል። የሱቅ ማሳያ መስታወት ላይ የሚገባውን ቁልፍ አስገባሁበት። አጥር የምንጋራቸው እናት ሰምተው መጡና በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ሰው ዶሮ ያረባል፣ ንብ ያንባል፤ አንተ የሔዋንን ጠላት ታሞቃለህ?» አሉኝ። «ይግቡ እትዬ፣ ቁልፉን ራስዎ ይሞክሩት» አልኳቸው። ሞከሩት። ቡና ላይ መምጣታቸውን አልተዉም፣ መቀመጫቸውን ብቻ ወደ በሩ አስጠጉ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። እባብ የራሱ ሙቀት የለውም፣ ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም። ስለዚህ ቤቱ በአንድ ወገን 32 ዲግሪ ገደማ፣ በሌላው 26 ገደማ መሆን አለበት፣ እሷ እንደፈለገች እንድትመላለስ። ይህ ለቆላ ሰው ቀላል ነው። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያነጋበት አገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አምፖሉን ትቼ ዘመድ ከዱባይ ያመጣልኝን ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ ገጠምኩ፣ 100 ዋት። ለሌሊት ቀይ አምፖል ይሆናል የሚሉትን አልቀበልም፤ በጨለማ የምትንቀሳቀስ እንስሳ ጨለማዋን ልናስቀርባት አይገባም። ሆልደሩ የሸክላ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በዙሪያው የሽቦ ወንፊት ካልተደረገ እባቧ ተጠምጥማበት ትቃጠላለች።

ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋውን ቴርሞስታት ያገኘሁት የጫጩት ማስፈልፈያ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ነው፣ ኤስቲሲ 1000 የሚባለው። በዋጋውም በሥራውም ወድጄዋለሁ። ያጠፋሁት ግን በእሱው ላይ ነው። የሙቀት መለኪያ ሽቦውን ጫፍ በመምጠጫ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሥራ ሄድኩ። እሷ ስትንቀሳቀስ ነቅላው ቀዝቃዛው ወለል ላይ ወደቀ። ማሽኑ 25 ዲግሪ እያነበበ፣ ገና ነው ብሎ ማሞቂያውን አላጠፋም። ማታ ስመለስ ከማሞቂያው ሥር 43 ዲግሪ ነበር፤ እሷ የውሃ ሣህኗ ውስጥ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ተኝታለች። ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም። አሁን ሽቦው በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሁለት ቦታ ታስሯል። ስኮች አትለጥፉ፣ ቆዳዋ ላይ ከተጣበቀ ይገፍፋታል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ምግብ ነው። አይጥ በበላች ማግስት መብራት ከማታ እስከ ጠዋት ጠፋ፣ ሣጥኑ ወደ 19 ዲግሪ ወረደ። በሦስተኛው ቀን የዋጠችውን እንዳለ መለሰችው። ሽታው ከሳሎን እስኪወጣ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ሆዷ እንዲያርፍ ሁለት ሳምንት ምንም ሳልሰጣት ጠበቅሁ፣ እነዚያ ሁለት ሳምንታት ለእኔ ረጅም ነበሩ።

ትልቅ ማሞቂያ ልግዛ ብዬ ነበር። መብራት በሌለበት ትልቁም ትንሹም ያው ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ማቆየት ላይ ዞርኩ። ከመስታወቱ በቀር ሣጥኑን በአምስቱም ወገን ከውጭ በ3 ሴንቲ ስታይሮፎም ሸፈንኩት፣ ማታ መስታወቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አወርዳለሁ፤ የአየር ቀዳዳዎቹን ግን አልነካም። ቀድሞ ሌሊት ማሞቂያው በሰዓት ውስጥ 45 ደቂቃ ይበራ ነበር፤ አሁን 20 ደቂቃ። ማለት 100 ዋቱ በአማካይ 33 ዋት ሆነ፣ ሣጥኑ በሰዓት የሚያጣው ያን ያህል ነው ማለት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሂሳቡ ቀለለኝ። 3 ሊትር ውሃ ከ60 ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 105 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይህን ያህል ውሃ የያዙ ሁለት ጀሪካኖች 210 ይሆናሉ፤ ለ33 ሲካፈል ከ6 ሰዓት በላይ ያሞቃሉ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ መብራት ሳለ ሁለት ትላልቅ ፔርሙሶች በፈላ ውሃ እሞላለሁ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃው 92 ዲግሪ ሳያልፍ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ከቀዝቃዛ ጋር ደባልቄ 60 ዲግሪ ላይ ሁለት የ3 ሊትር የዘይት ጀሪካን እሞላና ክዳናቸውን አጥብቄ በጋቢ ቁራጭ እጠቀልላለሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ይጨማደዳል፣ አትሞክሩት። ጥቅሉን እንደ ሕፃን ጡጦ በእጄ አንጓ ውስጠኛ ወገን ነክቼ ካልተስማማኝ አላስገባም። ተኝቼ ሳለ መብራት ቢጠፋስ ላላችሁ፣ የድሮ ኮምፒውተሬን ዩፒኤስ፣ ማለት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየውን ባትሪ፣ ሰክቼ ትቼዋለሁ፤ መብራት ሲሄድ ይጮህና ይቀሰቅሰኛል። ባለቤቴም ትነቃለች፣ ለዚህ መፍትሔ አላገኘሁም። ገንዘብ ሲገኝ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ እገዛለሁ፤ ግማሹን ብቻ ብጠቀም እንኳ ሌሊቱን ያሳድራል።

መደበቂያዋ አፉ የተሸረፈ እንስራ ነው፣ በጎኑ አጋድሜ ከማሞቂያው በታች አኖርኩት። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ መብራት ከጠፋ በኋላም ለብ እንዳለ ይቆያል። በቀዝቃዛው በኩል ሌላ ማሰሮ አለ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አለዚያ ከመደበቅና ከመሞቅ አንዱን እንድትመርጥ ትገደዳለች። ለወለሉ ጋዜጣ በቂ ነው። ከአናጢ ቤት የእንጨት ፍቅፋቂ አምጥቼ ነበር፣ ግን የሐበሻ ጽድ ነበረበት፤ ያ ደስ የሚለን ሽታ ለእባብ ሳንባ ጎጂ ስለሆነ ጠርጌ ጣልኩት።

የቀረኝ እርጥበቱ ነው። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ማሞቂያው ደግሞ ይጨምርበታል፤ ሣጥኑ 30 በመቶ ያሳያል፣ የምትፈልገው ወደ 60 ነው። ባለፈው ቆዳዋን ስትለውጥ ተቆራርጦ ነው የወጣው፣ የአንገቷን ለብ ባለ ውሃ አርሼ በእጄ ማስለቀቅ ነበረብኝ። አሁን ሰፊ የውሃ ሣህን ወደ ሞቃቱ ወገን አስጠግቻለሁ፣ እርጥብ ፎጣ የተነጠፈበት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃም በጎኑ በስቼ አስገብቻለሁ። ከትናንት ወዲያ ዓይኖቿ ወተት የነካቸው ሰማያዊ መስለዋል፤ ቆዳዋን እንደገና ልትለውጥ ነው ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ጀሪካኖቹን ሳወጣ እንስራው ባዶ ነበር፤ እሷ እርጥቡ ፎጣ ላይ ተጠቅልላለች።