መጋረጃውን ዝጊልኝ

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ስኪል ላብ (የተማሪዎች መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ሲፒአር፣ ማለትም ልቡ ለቆመ ሰው ደረት እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠትን፣ ሳለማምድ አንዷ ተማሪ የአሻንጉሊቷን ትከሻ መታ መታ አርጋ "እማማ! እማማ ይሰማዎታል?" አለች፣ መልስ የለም ትንፋሽ የለም፣ በቃ ደረቷን መጫን ጀመረች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ 30 ተጭና 2 ትንፋሽ። እጇን ሳታቆም ግን ለጓደኛዋ "መጋረጃውን ዝጊልኝ፣ ደረታቸው ተገልጧል" አለቻት።

ፕላስቲክ እኮ ናት! ቼክሊስታችን ላይም ይሄ የለም።

ዲብሪፊንግ ላይ፣ ማለትም ከልምምዱ በኋላ ስንወያይ፣ ስጠይቃት "ዋርድ ውስጥ ጎን ያለው አልጋ ላይ ሰው አለ እኮ ቲቸር" አለችኝ።

ኖርዌያዊው አሻንጉሊት አምራች ሌርዳል በ1960 እ.ኤ.አ. ይህቺን ነገር ያወጣት ሰው ላይ ከመድረሳችን በፊት እጃችን እንዲለምድ ነው፣ ለካ ታካሚን ማክበርም እዚሁ ይለመዳል። መምህራን እባካችሁ ሰዓት አጠረን ብላችሁ ከልምምዱ በኋላ ያለውን ውይይት አትዝለሉት፣ ተማሪው ምን እያሰበ እንደሰራ የምንሰማው እዛ ላይ ብቻ ነው።